የክረምቱ ገብርኤል

የትነበርሽ ማንደፍሮን ያገኘችው በአባቷ አፍ ሰበብ ነው።

አባቷ ሃምሳ አለቃ ወርቅአፈራሁ በወጣትነታቸው ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘምተው በሰላም የተመለሱ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ፣ ገና በልጅነቷ በሱዳን በኩል ተሰድዳ ሆላንድ የገባችው አንዲት ልጃቸው አስመጣቻቸው፤ ቭላርዲንገን ውስጥ መርከብ ሲያልፍ ከሚታይበት ፎቅ ላይ ሁለቱ ይኖራሉ። እሷ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ የሰው እናትና አባት ስታጥብ፣ ስታለብስ፣ ስታበላ ትውላለች፤ ቤት ስትገባ ደግሞ የራሷን አባት የጦር ሜዳ ወሬ ታዳምጣለች። ሃምሳ አለቃ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ጆሯቸውም ደከም ብሏል፤ ምላሳቸው ግን ጤነኛ ነው።

በፈረንጆቹ 1984፣ ቅጠል መርገፍ በጀመረበት ሰሞን፣ አባትና ልጅ በወደቡ ዳር ሲንሸራሸሩ ለጥገና የቆመ መርከብ አጠገብ ደረሱ። ኮሪያውያን መርከበኞች ከመርከቡ ወርደው ሲጋራ ያጨሳሉ። ሃምሳ አለቃ ኮሪያዊ አይተው የሚያልፉ ሰው አይደሉም። ባርኔጣቸውን አወለቁና ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲያስታምሙት የኖሩትን የኮሪያኛ ሰላምታ በሙሉ ድምፅ ለቀቁት። መርከበኞቹ መጀመሪያ ደነገጡ፣ ቀጥለው ሳቁ፣ ከዚያ አንድ በአንድ እጅ እየነሱ ሰላም አሏቸው። የትነበርሽ የምትገባበት ጠፍቷት ፊቷን ወደ ውሃው አዙራ ነበር፤ የተመለሰችው የአማርኛ ድምፅ ስትሰማ ነው።

«አባቴ፣ ይህን ቋንቋ ከየት አመጡት?»

«ከፑሳን። አንተስ ከየት መጣህ?»

«ከምጽዋ።»

ከመርከበኞቹ ጋር የነበረው ሰው ማንደፍሮ ይባላል። ባሕር ኃይል ውስጥ የሞተር ባለሙያ ነበር፤ አገሩን ጥሎ ከወጣ በኋላ በአንድ የሮተርዳም መርከብ ኩባንያ ተቀጥሯል። ከሃምሳ አለቃ ጋር እያወራ የትነበርሽን አንዴ ቀና ብሎ አያት፤ ወዲያው የራሱን እጅ አየና ዘይት የነካውን መዳፉን ከጀርባው ደበቀ። እሷ ይህን አየች። ሰው ለመውደድ ብዙ ነገር አያስፈልግም፤ የትነበርሽ ያንን የተደበቀ እጅ ስታስብ ሰነበተች።

ከዚያ በኋላ ማንደፍሮ እሑድ እሑድ ከሮተርዳም በባቡር ይመጣል። ስም ያወጡለት ሰዎች ምን ታይቷቸው ማንደፍሮ እንዳሉት እንጃ። ማንም የማይነካውን ሞተር ደፍሮ ይፈታል ይባልለታል፤ የትነበርሽን «ሻይ ትደግሚኛለሽ?» ለማለት ግን ላብ ያጠምቀዋል። ሃምሳ አለቃም አልረዱትም። ሽማግሌ ሳይልክ ሴት ልጅ ይዞ የሚዞር ወንድ እሳቸው ቤት ቦታ የለውም። ስለዚህ ሦስቱ አንድ ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ፤ ሁለቱ ወንዶች ስለ ኮሪያ ያወራሉ፤ የትነበርሽና ማንደፍሮ የሚነጋገሩት ስኳር ሲቀባበሉ ብቻ ነው። እሷ ግን እሑድ እስኪደርስ ሳምንቱ አልገፋ እያላት ነበር።

አዲሱ የፈረንጆች ዓመት እንደገባ ኩባንያው ማንደፍሮን ወደ ኮሪያ ሊልከው ወሰነ። ኡልሳን በምትባል ከተማ አዲስ መርከብ ይሠራል፤ ሞተሩ ሲገጠም የሚቆጣጠር ሰው ያስፈልጋል፤ ቆይታው ዓመት ይሆናል። ኩባንያው ውጭ አገር ለሚያሰነብታቸው ሠራተኞች ለቤተሰብ የሚሆን አንድ የአውሮፕላን ቲኬት ይሰጣል። ማንደፍሮ ቤተሰብ የለውም። ያ ባለቤት ያጣ ቲኬት ነው ድፍረት የሰጠው።

አንድ የየካቲት እሑድ የፑሳንን ካርታ ይዞ መጣና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ፑሳን ከኡልሳን በአውቶቡስ ቅርብ ናት፤ ባሕር ዳር ናት፤ ሃምሳ አለቃ መጀመሪያ ከመርከብ የወረዱባት ከተማ ናት። የትነበርሽ እዚያ መጥታ አንድ ቀን አባቷ የረገጡትን መሬት ብታይ ምን ይመስልዎታል ብሎ ጠየቀ። ማረፊያዋም ተገኝቷል፤ የሆላንዳዊ አለቃው ሚስት አብራኝ ትሁን ብላለች። ይህን ሁሉ የተናገረው ካርታውን እያየ ነው።

ሃምሳ አለቃ አገጫቸውን ያዙ። «ለአንድ ቀን ነው?»

«ለአንድ ቀን ነው።»

«ደርሶ መልስ?»

«ደርሶ መልስ።»

የትነበርሽ ሳቋን ለመደበቅ ጎንበስ ብላ ስኒ አነሣች። በሰሜን ዋልታ በኩል ዞሮ የሚበረር የአንድ ቀን ሽርሽር ነው። ሃምሳ አለቃ ግን ደርሶ መልስ መሆኑ ካስማማቸው ወዲያ እቅዱን ራሳቸው ያዙት። ጠዋት ከወደቡ መጀመር፣ ከዚያ የጦርነቱ ስደተኛ በካርቶን ቤት ሠርቶ የሚኖርበት ኮረብታ መውጣት፣ ቀጥሎ የአሜሪካኖቹ መጋዘን። ማንደፍሮ ካርቶኑ ዛሬ እንደሌለ፣ ኮረብታው ላይ አሳንሰር ያለው ረጅም ግንብ እንደቆመበት በትሕትና ሊያስረዳ ሞከረ። ሃምሳ አለቃ አልተቀበሉትም፤ እኔ ነኝ ያየሁት አሉ። በመጨረሻ ወደቡ ለሃምሳ አለቃ፣ የዓሣ ገበያው ለማንደፍሮ፣ የባሕሩ አሸዋ ለየትነበርሽ ተከፋፈለ።

በዚያ ቤት ወቅት ራሱ የጠብ ምክንያት ነበር። ያን ቀን ውጭ የቦዩ ውሃ በብርድ ጠጥሮ የሰፈሩ ሕዝብ በላዩ ይንሸራተታል፤ ሃምሳ አለቃ ግን ካፖርታቸውን ሳያወልቁ «በጋ ነው» ይላሉ። የካቲት በጋ ነው፣ ሐምሌ ክረምት ነው፤ ፈረንጅ ስለበረደው ወር አይለወጥም። የትነበርሽ ደግሞ እዚህ አድጋ እዚህ ሥራ የያዘች ናት። ለእሷ ማሞቂያ የሚበራበት ክረምት ነው፤ ፀሐይ የሚወጣበት፣ ሰው ለዕረፍት የሚበተንበት በጋ ነው። ማንደፍሮ በዚህ ክርክር አይገባም። ያዛውንቱን ፊትና የልጅቷን ፊት እያየ ዝም ይላል። ያኔ አንድ ቃል ተናግሮ ወገን ቢለይ ኖሮ ይህ ታሪክ ባጠረ ነበር።

ሲመሽበት አውቶቡስ ፌርማታ ድረስ ሸኘችው። ሁለቱ ብቻቸውን ሲሆኑ የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነው። በቦዩ ዳር ጎን ለጎን ሄዱ። ፌርማታው ትንሽ ራቅ ቢል ብላ ተመኘች።

«የክረምቱ ገብርኤል ዕለት ይሁን» አላት። «እናቴ የምትዘክረው እሱን ነው። ጠዋት ፑሳን ባቡር ጣቢያ በር ላይ እጠብቅሻለሁ።»

«እሺ፣ የክረምቱ ገብርኤል» አለች።

ገብርኤል በዓመት ሁለት ጊዜ በድምቀት ይነግሣል፤ አንዴ በታኅሣሥ፣ አንዴ በሐምሌ። ማንደፍሮ ክረምት ያለው የእናቱን ክረምት ነው፤ ሐምሌን፣ ዝናቡን። የትነበርሽ የሰማችው እግሯ ሥር የሚንኮሻኮሸውን በረዶ ነው፤ ታኅሣሥን። ምሳ ዓሣ ገበያው ውስጥ እንበላለን ሲላት ጾም ስለሆነ ዓሣም ቢሆን አልነካም አለችው። በሐምሌ አጋማሽ ምን ጾም እንዳለ ግራ ገባው፤ ስእለት ይኖርባት ይሆናል ብሎ መጠየቅ አፈረ። ይዘንባልና ጃንጥላ አትርሺ አላት፤ ካፖርትም እይዛለሁ አለችው። ሁለቱም የተግባቡ መስሏቸው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

አውቶቡሱ ከሩቅ ሲታይ ማንደፍሮ ቆመ።

«የትነበርሽ፣ ያን ቀን ከመጣሽ እሺ ብለሽኛል ማለት ነው።»

«ምኑን ነው እሺ የምለው?»

«ሁሉንም» አለ፤ ፊቱ በብርዱ ይሁን በሌላ ቀልቷል። «ካልመጣሽም ይገባኛል። ሁለተኛ አልጠይቅሽም፤ ልመና አልችልበትም። እስከዚያ በደብዳቤም በስልክም አልጨቀጭቅሽ፤ በነፃ ልብሽ አስቢበት። ቲኬቱ ቀን አልተቆረጠለትም፤ ሲሻሽ አንቺው ታስቆርጪዋለሽ።»

እዚያው እሺ ልትለው ፈለገች። ግን ሴት ልጅ ቶሎ እሺ አትልም ተብላ ነው ያደገችው፤ ደግሞም ማሰቢያ የሰጣትን ሰው ማሰቢያውን መመለስ ንቀት መሰላት። አስብበታለሁ አለችው። እሱም ያንን ይዞ ሄደ።

የምታስበው ነገር አልነበራትም። ከማግስቱ ጀምሮ ዝግጅት ገባች። የታኅሣሥ ሽርሽር ማዘጋጀት ደግሞ ቀላል አይደለም፤ የፈረንጆቹ ገና ሰሞን ዕረፍት የማይጠይቅ ሠራተኛ የለምና አለቃዋ መጀመሪያ አይሆንም አለቻት። የትነበርሽ «ታኅሣሥን ስጪኝ እንጂ በጋውን ሙሉ ዕረፍት ሳልወጣ እሠራልሻለሁ» ብላ ተዋዋለች። ለቪዛ ሄግ ወዳለው የኮሪያ ኤምባሲ ሄደች፤ የምትጓዢው ታኅሣሥ ከሆነ መስከረም ላይ ተመለሽ ተብላ መጣች። ሮተርዳም ገበያ ወርዳ ወፍራም የሱፍ ካፖርት ገዛች። ቀኑን ለአባቷ አልነገረችም። ቀኑ መልሷ ስለነበር ለብቻዋ ልትይዘው ወደደች፤ አባቷ መቼ ነው ሲሏት ገና ነው ትላለች።

የሥራ ባልደረቦቿ ሁሉ ወደ ባሕር ዳር ሲበተኑ እሷ የማንንም ተራ ትሸፍን ነበር። አንድም ቀን አልከፋትም። አዛውንቶቹን እያጠበች ስትዘፍን፣ አንዲት አሮጊት ሙሽራ ነሽ እንዴ ብላ ጠየቀቻት።

የሐምሌ ገብርኤል ዕለት የሥራ ተራዋ ከሰዓት ነበርና ጠዋት ቤት ናት። ሃምሳ አለቃ ማልደው ጸሎታቸውን አድርሰው በረንዳ ላይ በሸሚዝ ፀሐይ ይሞቃሉ። ረፋዱ ላይ ስልኩ ጮኸ።

«የት ነበርሽ?» አለ ከሩቅ የሚመጣ ድምፅ።

ስሟን የጠራት መሰላት። ልቧ በደስታ ዘለለና «አቤት፣ ማንደፍሮ» አለች።

«የት ነበርሽ ነው የምልሽ። ዛሬ ገብርኤል ነው።»

«አዎ፣ አባባ ጸሎት አድርሰዋል። እንኳን አደረሰህ።»

ከወዲያ በኩል ሰው ሲተራመስ፣ ባቡር ሲያፏጭ ይሰማታል።

«እንኳን አብሮ አደረሰን» አለ በመጨረሻ። «ከጠዋት ጀምሮ ጣቢያው በር ላይ ነበርኩ። አሁን እየመሸ ነው። ይሁን፤ ገባኝ። ደህና ሁኚ።»

ምን እንደገባው ሳትጠይቀው ስልኩ ተዘጋ። እጀታውን እንደያዘች ቆመች። ሃምሳ አለቃ ከበረንዳው ማን ነው ብለው ጠየቁ፤ ማንደፍሮ ነው፣ ዛሬ ፑሳን ሲጠብቀኝ ውሏል አለች፤ እኔን የቀጠረኝ ለክረምቱ ገብርኤል ነው አለች።

«ዛሬስ የቱ ገብርኤል ነው?» አሉ አባቷ።

«የሐምሌው።»

«ሐምሌ ምንድን ነው?»

«በጋ» ልትል አፏን ከፈተች፤ ቃሉ አልወጣም አላት። እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። ሃምሳ አለቃ ሲከራከሩ የኖሩበትን ነገር በመርታታቸው ደስ አላላቸውም።

ወደ መርከብ ሥራው ቢሮ ደውላ ማንደፍሮን ለማግኘት ቀናት ፈጀባት። ስታገኘው አንድም ሳታስቀር ነገረችው፤ የገና ሰሞኑን ዕረፍት፣ የሄጉን ቪዛ፣ ካፖርቱን። ጾም ነው ያልኩህ ለዚህ ነበር አለችው።

«ዓሣውን አስታውሳለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «አምንሻለሁ፣ የትነበርሽ። ግን ከየካቲት እስከ ሐምሌ አንዴ እንኳ መቼ ልምጣ ብለሽ አልጠየቅሽኝም። የምትመጣ ሴት ትጠይቃለች።»

«አልጨቀጭቅሽም ስላልከኝ እኮ ነው።»

«እሱም ልክ ነው። አልተቀየምኩሽም።» አለና ቀጠለ። «መርከቡ ሲያልቅ እዚሁ ሩቅ ምሥራቅ ነው የሚሠራው። አብሬው እንድሄድ ጠይቀውኝ ሰኞ ልፈርም ነው። ሁለተኛ አልጠይቅም ብያለሁ፤ ቃል ቃል ነው።»

እሷ ልለምንህ ማለት አልቻለችም፤ እሱ ልጠይቅሽ ማለት አልቻለም። እንዲህ ሆነው ተለያዩ።

ያን ቀን ራት አልበላችም። ሃምሳ አለቃ ሳህኗን ገፋ አድርገው ነገሩን ሁሉ አስነገሯት። ሰምተው ሲጨርሱ በጣታቸው ጠረጴዛውን መቱ።

«ልጁ ቃል አለበት። ሁለተኛ አይጠይቅም። ስለዚህ የሚጠየቀው እሱ ነው።»

«በማን?»

«በሽማግሌ። ፍልሰታ ሳይገባ፣ ሰኞም ሳይደርስ።»

«አባባ፣ ሴት ልጅ ሽማግሌ ልካ ታውቃለች?»

«ሐምሌስ በጋ ሆኖ ያውቃል? እዚህ አገር ሆኗል» አሉና ወደ ስልኩ አመለከቱ። «ካሳሁንን ደውለሽ ጥሪልኝ።»

አቶ ካሳሁን አምስተርዳም ኦስዶርፕ ሰፈር የሚኖሩ፣ የሐበሻ ለቅሶና ሠርግ ያለ እሳቸው የማይሆን ሰው ናቸው። ቅዳሜ ጠዋት ክራቫት አስረው በባቡር መጡ። የሙሽራው ወገን ማን እንደሆነ፣ የሴቷ አባት ሽማግሌ ሆኖ እንዴት እንደሚሄድ ብዙ ጠየቁ፤ ሃምሳ አለቃ ነጠላቸውን አጣፍተው ከክፍላቸው ሲወጡ ሲያዩ ግን ጥያቄውን ተዉት። የትነበርሽ ቁጥሩን ደወለች። ሁለቴ ተሳስታ እንደገና ጀመረች። አባቷ በደንብ ስለማይሰሙ እጀታውን በእሳቸውና በራሷ ጆሮ መሐል ያዘችው።

«ማንደፍሮ ነህ?»

«ነኝ፣ አባቴ። እንደምን ዋሉ?»

«ዛሬ አባትህ አይደለሁም፤ ሽማግሌ ነኝ። ከአቶ ካሳሁን ጋር ሆነን ተልከን ነው የመጣነው።»

«ማን ልኮዎት?»

«ልጄ።»

ሃምሳ አለቃ ጉሮሯቸውን ጠርገው ቀጠሉ። «ደንቡ ቢሆን የምጠይቀው አባትህን ነበር። እሳቸው በሕይወት ስለሌሉ አንተኑ ከራስህ እጠይቅሃለሁ። የትነበርሽ ትፈልግሃለች። ቀን ተሳስታለች፤ ሰው አልተሳሳተችም። ራስህን ለልጃችን ስጥልን።»

የትነበርሽ ዓይኗን ጨፈነች። እንዲህ ያለ ነገር በአባቷ አፍ ሲነገር መስማት ያሳፍራታል ብላ ነበር፤ አላፈረችም። እያንዳንዱ ቃል የራሷ ነበር።

«አባቴ» አለ ማንደፍሮ። «ቆመው ነው የሚያነጋግሩኝ?»

«ሽማግሌ የመጣበት ሳይፈጸምለት ተቀምጦ ያውቃል? ቆሜያለሁ። ጉልበቴን ታውቀዋለህ። አቶ ካሳሁንም ቆመዋል።»

ሶፋው ጫፍ ላይ አረፍ ብለው የነበሩት አቶ ካሳሁን ብድግ አሉ።

ስልኩ ውስጥ እንደ ዝናብ ያለ ጩኸት ብቻ ቀረ። የሃምሳ አለቃ ጉልበት መንቀጥቀጥ ጀመረ። የትነበርሽ ወንበር ልትስብላቸው ብትል በእጃቸው ከለከሏት። ሰኞ ከነገ ወዲያ ነው። እምቢ ካለ ዳግም ለመደወል አፍ እንደማይኖራት ታውቃለች።

ከዚያ አንድ ቃል መጣ። ሃምሳ አለቃ ጆሯቸውን አስጠግተው «ምን አለ? አልሰማሁትም» አሉ።

እሷ ሰምታዋለች።

«አባባ፣ ይቀመጡ ብሏል።»

«እ?»

«ይቀመጡ ብሎዎታል።»

ሃምሳ አለቃ በዝግታ ተቀመጡ። አቶ ካሳሁንም ተቀመጡና ክራቫታቸውን ላላ አደረጉ። የትነበርሽ ብቻዋን ቆማ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘች።

«ማንደፍሮ» አለችው፣ «መቼ ልምጣ? ቀኑን ብቻ ንገረኝ፤ ወቅቱን ተወው።»